የሼህ ጦልሃ ግጥሞች የት ይገኛሉ?

ይህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ለእኛ ለታሪክ ክበብ አባላት የተሰጠን ሥራ ስለ አገራችን ስለ ወሎ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ነበር። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከገራዶ የሚመጡ ስለሆኑ፥ ከደሴ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዚያ ሜዳ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነውን ነገር መረጥን። ይኸውም መንዙማ ነው።

ከሌላ ክፍለ አገር ለመጡ መምህራኖቻችን ነገሩ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል በጥቂቱ እናስረዳለን። መንዙማ በዜማ የሚባል ግጥም ነው። አንድ ሰው ያወጣል፤ የቀረው ሕዝብ ይቀበላል፤ ድቤ ይመታል፤ ይጨበጨባል። በመውሊድ፣ በወዳጃና በሐድራ ጊዜ ቡናው ተፈልቶ፥ ዕጣኑ ጨሶ ሌሊቱን ሙሉ ይዘለቃል። ዋናው ጉዳዩ አምላክን መለመንና ነቢዩን ማወደስ ሲሆን፥ ከልመናው መካከል ግን የዘመኑ ችግር ሁሉ ይገባበታል። ዝናም ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ፣ ሹም ሲያስጨንቅ አቤቱታው ወደ ሰማይ ይቀርባል። ጌታውን ፊት ለፊት መክሰስ የማይችል ሰው ለፈጣሪው ይከሰዋል፤ ጌታውም ከውጭ ቆሞ ይሰማዋል።

ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ የሠራው ሥራ በዜና መዋዕል ሲጻፍ፥ እረኛው ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ቀርቷል። በዘፈኑ የተቃወመ ሰው ወረቀቱ ማን ዘንድ ተቀመጠ? ይህን ለመመርመር ከአንድ ሰው እንነሣለን፤ እርሳቸውም ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የአውሮፓ ሲሆኑ «እ.ኤ.አ.» እንላለን።

ሼህ ጦልሃ የተወለዱት ወደ 1845 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገና ጎልማሳ ሳሉ፥ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተገኝተው ነበር። በመጀመሪያ የክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ሃይማኖት ተከራክረው የተዋሕዶ ወገን ረታ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ ለዚህም የ3 ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ሃይማኖት አንድ የሆነ አገር ለማቆም ያሰቡ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ከውጭ በግብፅ ጦር ተወርረው በጉንደትና በጉራዕ ድል ካደረጉ ገና 2 ወይም 3 ዓመት መሆኑ ነበር። የዚህን ያህል ምክንያቱን መረዳት ይቻላል። ነገር ግን ሰው በትእዛዝ የሚያምን ፍጥረት አለመሆኑን ወሎ አሳየ።

ታላላቆቹ መኳንንት እሺ አሉ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ደሴን ዋና ከተማቸው ያደረጉት፥ ኋላም ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል እኒሁ ናቸው። ስለዚህ የከተማችን ታሪክና የቦሩ ሜዳ ታሪክ ሊለያዩ አይችሉም። ገበሬውና ሼሁ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። አንዳንዱ ቀን ቀን ተጠምቆ ሌሊት ሌሊት ሰገደ፤ አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ አንዳንዱም ሸፈተ። ሼህ ጦልሃ ከሸፈቱት መካከል ነበሩ። በ1870ዎቹ ዓመታት ተከታዮቻቸውን አሰልፈው ትእዛዙን በመሣሪያ ተቋቋሙ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ የማስገደዱ ነገር ላላ፤ ሼህ ጦልሃም ብዙ ዘመን ኖረው በ1928 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ ዓመት የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው።

ስለ ሽፍትነታቸው የሚናገረው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ግጥማቸው ግን ይባላል። በእኛ አስተያየት ከጠመንጃቸው ይልቅ ዕድሜ ያገኘው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ደረሳ የነበረው ሁሉ መማሪያውን በዐረብኛ ሲቀጽል፥ እርሳቸው እናትና እረኛ በሚሰሙት በአማርኛ ገጠሙ። የሚያውቀው ቋንቋ ስለሆነ ሕዝቡ ያዘው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንገባለን። የወሎ ሼሆች አማርኛ ሲጽፉ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ይህም ዓጀም ይባላል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሞክሮ ያየ ግን ችግሩን ያውቀዋል። በመጀመሪያ ዐረብኛ ለጨ፣ ለጰ፣ ለኘ፣ ለቸ የሚሆን ፊደል የለውም። ስለዚህ ጸሐፊው ቀረብ ያለውን ፊደል ወስዶ ነጥብ ይጨምርበታል፤ ወይም ምንም ሳይጨምር አንባቢው ያውቀዋል ብሎ ይተወዋል። ነጥቡንም ሁሉም በአንድ ዓይነት አያደርገውም፤ አንዱ መምህር የሚያደርገውን ሌላው አያደርገውም። ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። የእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ድምፅ ሲኖረው፥ የዐረብኛው ምልክት 3 ብቻ ነው። ጸሐፊው እነዚያንም 3 ምልክቶች የተወ እንደሆነ «ሰም» እና «ስም» በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ «በር»ና «ብር»ም እንደዚሁ። ከዚህ የተነሣ ዐረብኛ ደኅና አድርጎ የሚያነብ፥ አማርኛም አፉን የፈታበት ሰው አንድ የዓጀም ገጽ ቢሰጡት ግራ ሲጋባ ይታያል።

ታዲያ ማን ያነበዋል? ዜማውን አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። የግጥሙ ቤት መምቻና የድቤው አመታት ቃሉ ስንት ድምፅ እንዳለው ይነግሩታል፤ ጽሑፉ ደግሞ የረሳውን ያስታውሰዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ግማሽ ነው፤ ድምፁም ብቻውን ግማሽ ነው። ይህ ለታሪክ ተማሪ ታላቅ ቁም ነገር ይመስለናል፤ ምክንያቱም ሰነድ ሲባል ሁልጊዜ በራሱ የሚናገር ነገር አድርገን እንገምታለንና።

የሼህ ጦልሃና የመሰሎቻቸው ጽሑፍ የሚገኘው እንደ ቤተ መንግሥት ደብዳቤ በአንድ ሣጥን ውስጥ አይደለም። አንዱ ደረሳ ከመምህሩ ይገለብጣል፤ ሌላው ከእርሱ ይገለብጣል፤ አንዱ ቅጂ በጀማ ንጉሥ፥ ሌላው በጌታ፥ ሌላው በዳና በኩል ይሄዳል። በቤተሰብ ዘንድ ሲሆን ደግሞ በጨርቅ ወይም በቆዳ ተጠቅልሎ ከጣራው ሥር ይቀመጣል። ጢሱ ከምስጥ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ያጠቁረዋል። ቀለሙ በዝናም ጊዜ እርጥበት ሲነካው ይደማል። የመጨረሻው ገጽ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከውጭ በኩል ስለሚሆን ነው፤ የገልባጩ ስምና ዘመንም የሚጻፈው በዚያው ገጽ ላይ ነው!

ከአገር ውጭ ሰዎች ይህን ሀብት አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች አሳትሟል። ቼሩሊ ኋላ በወረራው ጊዜ የኢጣልያ መንግሥት ከፍተኛ ሹም ሆኖ ወደ አገራችን የመጣ ሰው ነውና፥ ሊቅነቱንና ሹመቱን ለያይቶ ማየት ለአንባቢ የተተወ ነው። ከዚያ ወዲህ አሉላ ፓንክረስት ስለ ወሎ ዓጀም በ1994 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ከሁሉ ይበልጥ ግን የምናመሰግነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩትን ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድን ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የሼህ ጦልሃን የሕይወት ታሪክ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አወጡ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ስለነበረው የወሎ እስልምና ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በየመንደሩ እየዞሩ ሽማግሌ የጠየቁ፥ የተጠቀለለውንም ደብተር ያስፈቱ ሰው ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙት የዐረብኛና የዓጀም ጽሑፎች ዝርዝርም በ2014 እ.ኤ.አ. በአሌሳንድሮ ጎሪና በባልደረቦቹ ታትሟል።

የሌላውን አገር ሁኔታ ማነጻጸር ደስ ይለናል። በአሜሪካ ውዲ ጋትሪ የሚባል የገጠር ዘፋኝ ነበረ። በኦክላሆማ ተወልዶ፥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በድርቅና በአቧራ ማዕበል ምክንያት ከመሬታቸው ስለተፈናቀሉት ገበሬዎች እየዘፈነ ባለጠጎቹን ወቀሰ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ሞተ። 3,000 ያህል ግጥም ጽፎ ነበር። ልጁ ወረቀቱን ሁሉ ሰብስባ አስቀመጠችው፤ በ2013 እ.ኤ.አ.ም በቱልሳ ከተማ ስሙን የያዘ ማዕከል ተከፍቶ ወረቀቱ በዚያ ተቀመጠ። ነገር ግን ዘፋኙ ዜማ በምልክት መጻፍ ስለማያውቅ የአብዛኞቹ ግጥሞች ዜማ ከእርሱ ጋር ተቀበረ። በኋላ የተነሡ ዘፋኞች ለአንዳንዶቹ አዲስ ዜማ አበጅተው በ1998 እ.ኤ.አ. በሸክላ አወጡ። እንግዲህ እዚያ ወረቀቱ በብረት ካዝና ተቆልፎ ዜማው ጠፋ፤ እኛ ዘንድ ዜማው በገበያ ሲሸጥ ወረቀቱ በጣራ ሥር ይጠቁራል። የትኛው ይሻላል ብለን በክበባችን ተከራክረን ነበር፤ ድምፁ እኩል ለእኩል ወጣ።

ከሁለቱም የባሰ ዕጣ የደረሰበት ግን አለ፤ እርሱም አዝማሪ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አምባሰልና ባቲ ስማቸው ከወሎ ምድር የመጣ ነው፤ አዝማሪውም መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ወደ ጠጅ ቤት ሲዞር፥ በሰምና ወርቅ ሹሙን ሲሸነቁጥ ኖረ። ወረቀት ግን አልነበረውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዕልቂቱ በኋላ በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ወደ ሮማ ቴሌግራም ላከ፤ በከተማውና በአካባቢው የሚዞሩት ጠንቋዮች፣ ኮከብ ቆጣሪዎችና አዝማሪዎች የኢጣልያ መንግሥት በቅርብ ይወድቃል እያሉ ሕዝቡን ስለሚያውኩ ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን አስታወቀ። ትእዛዙም ተፈጸመ። የነዚያ አዝማሪዎች ግጥም ምን ይል እንደነበር ስንጠይቅ፥ ያለን ወረቀት የገዳያቸው ቴሌግራም ነው። የሞቱበትን ምክንያት የጻፈልን እርሱ ሲሆን፥ ስማቸውን ግን አልጻፈም።

ያ ቤተ መንግሥት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ የስድስት ኪሎው ግቢ ሆነ። የወሎ የዓጀም ጽሑፎች ከነዝርዝራቸው የሚገኙበት ተቋም ያለው በዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። መምህራችን ይህን ሲነግሩን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

በገራዶ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ወንዝ ያጠጣሉ፤ በሠርግም በለቅሶም አንዱ ከሌላው አይቀርም። ስለዚህ ስለ ቦሩ ሜዳ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ወላጆች ያለፈ ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል አሉን። እኛም አሰብንበት። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ያሉ አያቶች ልጆቹ እየጻፉ መሆናቸውን ሲያዩ ከተጠየቁት በላይ ነገሩን። ክርስትና የተነሣ አያት ያላቸው ሙስሊሞች፥ ሙስሊም አያት ያላቸው ክርስቲያኖችም በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንደምንማር ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው።

ሥራውን እንዲህ ተከፋፈልነው። ዐረብኛ የሚያነቡት ተማሪዎች የዓጀሙን ፊደል አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ግዕዝ የቀጸሉት በእኛ ፊደል ይጽፋሉ፤ ዜማውን የሚያውቁ እናት ወይም አያት አጠገባቸው ሆነው ያቃናሉ። ደብተሩ ከባለቤቱ ቤት አይወጣም፤ ቅጂው ብቻ ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የምንጨርሰው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ቃሉ «ስም» ነው ወይስ «ሰም» ነው በሚለው ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ የቆየንበት ቀን አለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ድቤያቸውን አስመጥተው ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረው ሲያወጡት፥ ከቦታው ሲደርሱ «ስም» አሉ።