የእንጦጦ ብርድ እና ስብን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ

እንጦጦ በታሪካችን በዘውድና በብርድ ይታወሳል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ይህ ጋራ ግን ለመከታ እንጂ ለኑሮ አልተመቸም፤ ውርጩ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ማገዶውም ተመናምኖ ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ከንግሡ በዓል አስቀድሞ ፊቱን ወደ ሞቃታማው ሜዳ አዙሯል። እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። ፍልውሃ ሕመም የሚያስታግስ ውሃ ነበርና፣ ሰውነትን ያለ ምላጭ በሙቀት የማከም ምኞት ከከተማችን ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ ግን ስቡን ሊያራግፍ ወደ ፍልውሃ የወረደ አልነበረም። «ወፈር ብለሃል» ሙገሳ፣ «ምነው ከሳህ» ሐዘኔታ ነው፤ በብዙ ቤት ዛሬም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ኢትዮጵያውያት 30 ከመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 የከሱት ወደ 22 ሲወርዱ የወፈሩት ወደ 8 ከመቶ ከፍ አሉ። ውፍረቱ የሚበረታው በከተማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ከምንውለው ዘንድ።

እነሆ ለእኛ የተዘጋጀው አዲስ ፍልውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ። ስብን በብርድ የመግደል ሐሳብ መነሻው ተራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለት ሐኪሞች፣ በረዶ የሆነ ጣፋጭ የመጠጠ ሕፃን በጉንጩ ውስጥ ያለው ስብ መቆጣቱን ጻፉ። ቆዳው ሳይጎዳ ስቡ ብቻ ተጎዳ፤ የስብ ሕዋስ ከቆዳ ሕዋስ ይልቅ ብርድ አይችልምና። ከዓመታት በኋላ በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ነገሩን በአሳማ ላይ ፈትነው፣ ውጤቱን በ2008 አሳተሙ። ሕክምናው ክራዮሊፖሊሲስ ተባለ።

ብርድ ስብ የሚያጠፋ ከሆነ የእንጦጦ ውርጭ ለምን አያጠፋውም? ሞቃት ደም እየተዘዋወረ ከቆዳ በታች ያለውን ስብ ስለሚጠብቀው ነው። መሣሪያው ግን የቆዳውን እጥፋት ስቦ በቀዝቃዛ ሰሌዳዎች መካከል ይይዘዋል፤ የተጎዱትን ሕዋሳት ሰውነት ራሱ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ያስወግዳቸዋል።

በሰው ላይ የተደረገው ፈተና ብልሃት ነበረው። የአንዱን ሰው አንድ ጎን አክመው ሌላውን ጎን ሳይነኩ ተዉት፤ ሰውየው ለራሱ ማነጻጸሪያ ሆነ። የታከመው ጎን የስብ ውፍረት 20 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 መሣሪያውን ለጎን ስብ ፈቀደ፤ ለውፍረት ሕክምና ግን አልፈቀደም። በ2014 ደግሞ የታከመው ስፍራ በመክሳት ፈንታ እንደሚያብጥና እንደሚጠነክር የሚያሳይ ሪፖርት ወጣ። ታዋቂዋ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ ይህ እንደደረሰባት በ2021 በይፋ ተናግራ አምራቹን ከሰሰች፤ ክሱም በ2022 በስምምነት ተዘጋ። መጀመሪያ እጅግ ብርቅ የተባለው ጉዳት ከተገመተው በላይ እንደሚያጋጥም ኋላ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ፈተናው የለካው ምን እንደሆነ ነው። የለካው የስብን ውፍረት ነው፤ ጤናን አልለካም። የሁለቱን ልዩነት በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣ ሌላ ጥናት ያሳያል። በ15 ወፍራም ሴቶች ላይ በቀዶ ሕክምና ከእያንዳንዳቸው በአማካይ 10 ኪሎ ያህል ስብ ተመጥጦ ወጣ። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ሲመረመሩ የደም ግፊታቸውም፣ ስኳራቸውም፣ ኮሌስትሮላቸውም አልተሻሻለም። ያን ያህል ስብ ወጥቶ ጤና ካልተገኘ፣ ከአንድ ጎን ጥቂት የሚያሳሳ ቅዝቃዜ የልብና የስኳር መድኃኒት ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ዛሬ የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከተሜው ክብደት ሊቀንስ ወደ ጋራው ይወጣል። በዚያው መንገድ እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ለእነርሱ ዳገቱ እንጀራ እንጂ ስፖርት አይደለም። የጥናቱ ሁለት ቁጥሮች፣ የከሱትና የወፈሩት፣ በአንድ ዳገት ላይ ይተላለፋሉ።

ቁመናው እንዲያምር ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አይነቀፍም። መሣሪያውም የገባውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፤ ቃሉ ግን ጠባብ ነው። የወር ደመወዙን ቆጥቦ ለዚህ የሚያውል ወዳጅ ካለን፣ የገዛው ቀጭን ጎን መሆኑን፣ ጤና ግን በዚያ ዋጋ ውስጥ አለመካተቱን አስቀድመን ልንነግረው ይገባል።