የደከመ ድምፅ ምስክሮች

በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈለት ጻድቅ፣ በስደት አገር ተገድለው የተጣሉ ወገኖቹን ሬሳ በስውር እያነሣ ይቀብር ነበር። የሕዝብ ተረት አጥኚዎች ይህን መጽሐፍ በብዙ አገሮች ከሚተረክ አንድ ጥንታዊ ተረት ጋር ያዛምዱታል። በተረቱ አንድ መንገደኛ በዕዳው የተነሣ ሳይቀበር የቀረ ሬሳ ያገኛል፤ በኪሱ ያለችውን ገንዘብ አራግፎ ዕዳውን ይከፍልና ያስቀብረዋል፤ ኋላም ሟቹ በሌላ ሰው አምሳል መጥቶ ከመከራ ያወጣዋል። (ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ዕዳ እንዲህ ሲወራረድ ማንበብ ልዩ ደስታ አለው።) ተረቱ በእንግሊዝኛ “ግሬትፉል ዴድ” ይባላል፤ “ውለታ የማይረሳው ሙት” ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። በ1965 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ አንድ የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ስሙን መተው ባስፈለገው ጊዜ፣ ጊታር ተጫዋቹ ጄሪ ጋርሲያ መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘው ይህን ስም ነበር። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ስሙ አይደለም። የዚህ ባንድ ወዳጆች ጋርሲያ ከሞተበት ከ1995 ወዲህ፣ እንዲያውም ከዚያ አስቀድሞ፣ ሲከራከሩበት የኖሩት አንድ ጉዳይ አለ፤ ባንዱ በመጨረሻ ዓመታቱ መድረክ ላይ የሠራው ሥራ ሊደመጥ የሚገባው ነው ወይስ በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው? የጥቂት ሙዚቃ ወዳዶች ጭቅጭቅ ይመስላል። ነገር ግን ግጥም የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የምንወደው ሰው ሲደክም ድካሙን እንዴት እናድምጠው?

ግሬትፉል ዴድ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ 2,300 የሚደርስ ኮንሰርት አቅርቧል፤ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል በየምሽቱ ይለወጣል፤ አንዱ ዘፈን መካከሉ ላይ ይፈታና፣ መሣሪያዎቹ ያለ ግጥም እየተጠያየቁ ብዙ ከተጓዙ በኋላ፣ ማንም ሳያስበው ሌላ ዘፈን ሆኖ ይወጣል። የኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ባለቅኔ የሚያቀርበው ለዚያው ቀን የተቆጠረውን ቅኔ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ቅኔው ከቀኑ አልፎ የሚኖረው ሰምተው በቃላቸው የያዙት ተማሪዎች ካሉ ብቻ ነው።

የግሬትፉል ዴድ ተማሪዎች ግን መቅረጫ ይዘው መጡ። በመጀመሪያ መሣሪያቸውን ከልብሳቸው ሥር እየደበቁ ይገቡ ነበር፤ ባንዱም አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል። በኦክቶበር 1984 ጭራሽ የራሳቸው ቦታ ተከለለላቸውና የማይክሮፎን ምሰሶዎቻቸውን እንደ ሸንበቆ ደን ተክለው በይፋ መቅዳት ጀመሩ። ያልተጻፈው ሕግ አንድ ነበር፤ ካሴት አይሸጥም። ባዶ ካሴት በፖስታ ልከህ የተቀዳ ይላክልሃል፣ አንተም ለሌላው ትቀዳለህ። በዚህ መንገድ የባንዱ የመድረክ ሕይወት ከሞላ ጎደል በሙሉ ተመዝግቦ ተቀመጠ።

ክርክሩ የተፀነሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ሲይዝ መርጦ ይይዛል፤ ደካማውን ይረሳለታል፤ መርሳቱም አንድ ዓይነት አክብሮት ነው። ካሴት አይመርጥም። ጋርሲያና ጓደኞቹ የሚወዷቸውን ሰዎች ሲጋብዙ፣ ከነሱ ጋር ምንም የማይረሳ ምስክር ወደ አዳራሹ አስገቡ።

ምስክሩ በመጀመሪያ የተናገረው ምስጋና ነበር። ሜይ 8 ቀን 1977 በኢትካ ከተማ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ የተካሄደውን ኮንሰርት የድምፅ ባለሙያዋ ቤቲ ካንተር-ጃክሰን ቀድታው ነበር። የእሷ ካሴቶች የተከማቹበት መጋዘን ኪራይ ባለመከፈሉ በ1980ዎቹ በጨረታ ተሸጡና በአድናቂዎች እጅ ገቡ፤ ያ ምሽትም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከምሽቶች ሁሉ የላቀ ነው እስከ መባል ደረሰ። በ2012 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የድምፅ ቅጂዎች ጋር መዘገበው፤ በ2017 ባንዱ ራሱ በይፋ አሳተመው። ሰምቼዋለሁ፤ ያማረ ነው። ከሁሉ የላቀ ስለመሆኑ ግን እጠራጠራለሁ፤ ጥራት ያለው ቅጂው በብዙ ሰው እጅ መግባቱ ለዝናው ያደረገው አስተዋጽዖ ቀላል አይደለም። ቁም ነገሩ ግን መለኪያ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ምሽት ሁሉ ከ1977 ጋር እየተመዘነ ቀለለ ወይም ከበደ።

በጁላይ 1986 ጋርሲያ በስኳር በሽታ ራሱን ስቶ ለቀናት ተኛ። ሲነቃ ጣቶቹ ጊታሩን ረስተውት ነበር። ወዳጁ የኪቦርድ ተጫዋች መርል ሳንደርስ አጠገቡ ተቀምጦ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው አስጀመረው። በዲሴምበር ኦክላንድ ላይ ወደ መድረክ ሲመለስ የተከፈተው ዘፈን “ተች ኦፍ ግሬይ” ነበር፤ “ጥቂት ሽበት” እንደ ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት ይኸው ዘፈን በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ 9ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ብዙም ሳይሰማ የኖረ ባንድ፣ ስለ ሽበት ሲዘፍን ዝነኛ ሆነ። ዝናው ደግሞ ስታዲየም የሚሞላ ሕዝብ አመጣ፤ ከስታዲየሙ ውጭ ደግሞ ቲኬት የሌለው ሌላ ሕዝብ ይሰበሰብ ጀመር።

በ1990 የጸደይ ወራት የተደረጉትን ኮንሰርቶች ግን ኃይለኞቹ ተቺዎችም ሳይቀሩ ያደንቃሉ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የኪቦርድ ተጫዋቹ ብሬንት ሚድላንድ በ37 ዓመቱ ሞተ። በ1992 ጋርሲያ እንደገና ታመመና ጉዞ ተሰረዘ። የክርክሩ እምብርት ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት ናቸው፤ ከ1993 እስከ 1995።

ከሳሾቹ ማስረጃ አያጡም፤ ማስረጃውን ካሴቱ አስቀምጦላቸዋል። ጋርሲያ ግጥም ይረሳል፤ ግጥሙን የሚያሳይ ስክሪን ከፊቱ ተቀምጦለት እንኳ ይረሳል። ጣቶቹ ይስታሉ። ዘፈኖቹ ይንቀራፈፋሉ። ሙዚቀኞቹ በጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ ማድረግ ከጀመሩ ወዲህ እያንዳንዱ በየራሱ ክፍል የተቆለፈ ይመስላል የሚሉም አሉ። ዲክ ላትቫላ የተባለው የባንዱ የካሴት መዝገብ ቤት ኃላፊ በ1993 የጀመረውና እሱ ከሞተ በኋላም የቀጠለው የምርጥ ኮንሰርቶች ኅትመት 36 ቅጽ ደርሷል፤ ከ1993 እስከ 1995 ከተደረጉት አንድም ኮንሰርት አልገባበትም። ይህን የሚያህል ፍርድ የለም ይላሉ።

ተከላካዮቹ በብዛት የሚያነሡት መልስ አያረካኝም። “እዚያ ብትሆኑ ኖሮ” ይላሉ፤ ሕዝቡን፣ መብራቱን፣ ጭፈራውን ይጠቅሳሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ያልነበረውን ሰው አፍ ከማዘጋት በቀር የሚያስረዳው ነገር የለውም። ከሳሾቹ ስለ ጣቶቹና ስለ ፍጥነቱ የሚሉት በአብዛኛው እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። የ1995ን የበጋ ካሴቶች ጥቂቶቹን ከጥግ እስከ ጥግ ሰምቻቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ማዳመጡ ሥራ ይሆናል።

ነገር ግን ከሳሾቹ የዘነጉት አንድ ነገር አለ። የባንዱ የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም የወጣው በ1989 ነው። ጋርሲያና የግጥም ጓደኛው ሮበርት ሀንተር ግን ከዚያም በኋላ መጻፍ አላቋረጡም፤ “ሶ ሜኒ ሮድስ” በ1992፣ “ዴይስ ቢትዊን” በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ተሰሙ። ሁለቱም ወደ ኋላ የሚያዩ ሰው ዘፈኖች ናቸው፤ ሁለተኛው እንደ እንጉርጉሮ ያለ፣ አዝማች የሌለው፣ በዝግታ የሚገነባ ረጅም ዘፈን ነው። ባንዱ በሕይወት ዘመኑ በአልበም አላወጣቸውም። “ዴይስ ቢትዊን” በባለቤቱ አንደበት ከባንዱ ጋር የሚገኘው በእነዚያው በተወገዙት ሦስት ዓመታት ካሴቶች ላይ ነው። ዓመታቱን ሰብስቦ የሚጥል ሰው ዘፈኑንም አብሮ ይጥለዋል። የ1977ቱ ጋርሲያ ይህን ዘፈን በተሻለ ጣት ይጫወተው ነበር ማለትም ትርጉም የለውም፤ የ1977ቱ ጋርሲያ ይህን ዘፈን አልነበረውም። የ34 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ገና የሚቆጥረው ብዙ ቀን ነበረው።

ከዚህ የከበደ ክስ ደግሞ አለ፤ ከሳሹም ተከሳሹም አድናቂው ራሱ ነው። ባንዱ ብዙ ሠራተኞች የሚያስተዳድር ትልቅ ድርጅት ሆኖ ነበር፤ ጉዞው ከቆመ ደመወዙ ይቆማል። ጋርሲያ ደግሞ ከስኳር በሽታው ሌላ ከሄሮይን ሱስ ጋር ለዓመታት ሲታገል ኖሯል። በየካሴቱ ላይ፣ አንድ ስንኝ ሳይሰበር በወጣለት ቁጥር የሚሰማ የሕዝብ እልልታ አለ። ያ እልልታ ፍቅር ነበር ወይስ የታመመን ሰው ለአንድ ምሽት ተጨማሪ የሚገፋ እጅ? እልልታው ፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ እጅም ነበር።

የ1995 በጋ እንደ ክፉ ሕልም ነው። ጁላይ 2 ኢንዲያና ውስጥ ዲር ክሪክ በተባለው ስፍራ፣ ጋርሲያን እንገድላለን የሚል ዛቻ በመድረሱ የአዳራሹ መብራት ሳይጠፋ ተጫወቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቲኬት አልባዎች አጥር ሰብረው ገቡ፤ የማግሥቱ ኮንሰርት ተሰረዘ። የባንዱ አባላት በሙሉ የፈረሙበት ደብዳቤ ለአድናቂዎች ተበተነ፤ እንዲህ ከቀጠላችሁ መምጣታችንን እናቆማለን የሚል ተግሣጽ ነበር።

ጁላይ 9 ቺካጎ፣ ሶልጀር ፊልድ ስታዲየም። ማንም የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም። ጋርሲያ “ሶ ሜኒ ሮድስ”ን ጀመረ። ድምፁ የሻከረ ነው፤ ከፍ ያለው ኖታ ላይ ሊደርስ ሲል ይሰበራል። ከመጨረሻው ስንኝ በኋላ ግን የርዕሱን ቃላት ይዞ ይቀራል፤ ይደጋግማቸዋል፤ በየድግግሞሹ ዜማውን ይለውጣል፤ በጸጥታ ይጀምርና እየጮኸ ይሄዳል፤ በዚያ ድምፅ ሊጮህ አይችልም ብላችሁ ባሰባችሁበት ቦታ ላይ ይጮሃል። ስለ ጥራት የሚጠይቅ መለኪያ ይህን ክፍል አይመዝነውም። ግጥም ሲነበብ የአንባቢው ድምፅ ተቆርጦ፣ ከተቆረጠበት ቦታ ግጥሙ ሲጀምር የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል።

በመጨረሻ ጋርሲያ “ብላክ መዲ ሪቨር”ን ዘፈነ፤ ኮንሰርቱ በዚያ ጨለማ ዜማ እንዲያልቅ ያልወደደው የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ፊል ሌሽ “ቦክስ ኦፍ ሬይን”ን አስከተለ። ሌሽ ዜማውን የደረሰው አባቱ በሞት አፋፍ ላይ በነበሩበት ወቅት ነው። ከዚያ በሰማዩ ላይ ርችት ተተኮሰ። ኦገስት 9 ቀን ጋርሲያ በአንድ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ሞተ፤ 53 ዓመት ከሞላው ስምንት ቀኑ ነበር። በዲሴምበር የቀሩት አባላት በዚያ ስም እንደማይጫወቱ አስታወቁ።

መዝገብ ቤቱም እስከ መጨረሻው ዝም አላለም። በ1999 የሠላሳ ዓመቱን ታሪክ በአንድ ሣጥን ሲያሳትሙ፣ የሣጥኑ ስም “ሶ ሜኒ ሮድስ” ሆነ፤ የቺካጎውም ቅጂ ገባበት። በ2015 ደግሞ ከ1966 እስከ 1995 ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ፣ በጠቅላላው ሠላሳ ሙሉ ኮንሰርቶች በ80 ሲዲ ወጡ። ለ1995 የመረጡት የበጋውን አልነበረም፤ ፌብሩዋሪ 21 ቀን ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የተደረገውን ነው። በዚያ ምሽት ጋርሲያ ከ1986 ወዲህ ያልነካውን የቦብ ዲላንን “ቪዥንስ ኦፍ ጆሃና” ያነሣል። ረጅም ዘፈን ነው፣ በምስል የታጨቀ፣ ለሚረሳ ሰው አቀበት። ጋርሲያ አይቸኩልም፤ አንዱን ስንኝ አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ በእርጋታ ይሄዳል፤ ከኋላው ባንዱ ይጠብቀዋል።