መጽሐፉን ለማያይ አንባቢ፦ ከጣና ብራናዎች እስከ ኤአይ ኤጀንት

ጣና ላይ፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። እዚያ ዕቃ ቤት ስላሉት ብራናዎች ማጥናት የምትፈልግ ሴት ያላት የሩቁ መንገድ ብቻ ነው፤ ፊልምና የጽሑፍ መግለጫ። ይህን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ኤርንስት ሐመርሽሚት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ደሴቶቹ መጥቶ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሣ። በ1973 የክብራንን፣ በ1977 የደብረ ማርያምንና የሬማን መጻሕፍት ዝርዝር በጀርመንኛ አሳተመ። ሦስተኛውን ቅጽ በ1999 ያወጣችው ደግሞ ሴት ናት፤ ቬሮኒካ ሲክስ።

እንዲህ ያለ ዝርዝር “ወንጌል” ብሎ አያልፍም። ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በስንት ዓምድ እንደተጻፈ፣ እያንዳንዱ ድርሰት ከየትኛው ቅጠል ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ፣ መነሻ ቃሉ ምን እንደሆነ ይናገራል። ለገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። እሱ መጽሐፉን በሽፋኑ፣ በክብደቱ፣ በተቀመጠበት ቦታ ያውቀዋል። ሐምቡርግ የተቀመጠ አንባቢ ግን ከመግለጫው ውጭ የሚይዘው የለም።

ዛሬ ኤአይ ኤጀንት የሚባለው ነገር ያለው እዚያ ወንበር ላይ ነው። አንድ ኤጀንት ከዳታቤዝ ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው የመሣሪያው ስም፣ አጭር መግለጫና የሚሞላቸው ሳጥኖች ዝርዝር ነው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ያወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው። ኤጀንቱ የቱን መሣሪያ እንደሚጠቀም የሚመርጠው መግለጫውን አንብቦ ነው። መግለጫው ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ በችኮላ፣ በአንድ መስመር ነው። የሚጽፈውም ሰው ያው እንደ ዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነው፤ ሁሉን ስለሚያውቅ ምን መናገር እንዳለበት አይታየውም።

“ስንክሳር አምጣ” የሚለውን ትእዛዝ ውሰዱ። ስንክሳር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥራዝ ነው፤ አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። “ስንክሳር ይፈልጋል” ብቻ የተባለ መሣሪያ ግማሹን ዓመት አምጥቶ ሙሉ ነው ብሎ ያስረክባል። መሣሪያው የማይሰጠው ነገርም አብሮ መጻፍ አለበት።

ወንጌሉም እንደዚሁ ነው። አባቶች የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይመዘግቡ ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ማን ይክዳል? ስለዚህ የመሬት ታሪክ የሚፈልግ ሰው “ወንጌል” የሚለውን አርእስት አይቶ ካለፈ የሚፈልገውን ጥሎ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው “ቤተ መጻሕፍት” የተባለው ፕሮጀክት የብራናዎቹን መግለጫ ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ ሲያዘጋጅ፣ ለእንዲህ ያሉ ጭማሪ ጽሑፎች ለብቻ ቦታ ሰጥቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዘመን ነው። 7000 ዓመተ ዓለም ማለት 5500 ሲቀነስ 1500 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1507 ወይም 1508። ዓመተ ሰማዕታትም አለ፤ መነሻው 277 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ አሮጌ ብራና ላይ ደግሞ “76 ዓመተ ምሕረት” የሚል ይገኛል። ቁጥሩ በዐቢይ ቀመር፣ ማለትም በ532 ዓመት ዙር ውስጥ ያለ ነው። በ1341 ዓ.ም. በጀመረው ዙር ከተቆጠረ 1416 ዓ.ም. ይሆናል። የመረጃው ቅርጽ፣ ስኪማ የሚሉት፣ “ዓመት፦ ቁጥር” ይላል እንጂ የማን ቁጥር እንደሆነ አይልም። ኤጀንቱም ፍሬምናጦስ ሳይወለድ የተጻፈ የግእዝ ወንጌል አገኘሁ ይላል፤ ያውም በልበ ሙሉነት።

ይህ ያረጀ ብራና ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ መዝገብ “የትውልድ ዓመት፦ 1990” ቢል ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው? በእኛ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። “ቀጠሮ፦ 3 ሰዓት” የጠዋት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ በእኛ 9 ሰዓት? “የአባት ስም” የሚለውን ሳጥን ኤጀንቱ እንደ ቤተሰብ ስም ከቆጠረው ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የማይዛመዱ ሰዎች ይሆኑበታል። “ዓለም” ብሎ ፈልጎ “አለም” ተብላ የተመዘገበችውን ካጣት፣ የለችም ብሎ ይመልሳታል። ወረፋ ጠብቃ የመጣች እናት ናት የምትመለሰው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። “የሰው መረጃ ይሰጣል” በሚለው ፋንታ እንዲህ ቢጻፍ ምን ይጎድላል፦ “የታካሚን መዝገብ በካርድ ቁጥር ይፈልጋል። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 የሚነሣው የእኛ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም አይደለም። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። መዝገብ ካልተገኘ ታካሚው አልተመዘገበም ማለት አይደለም፤ ሠራተኛ ጠይቅ።”