ራስዋን የቻለች ዘፋኝና እናት

አኒ ዲፍራንኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በቡፋሎ ከተማ ተወለደች። ግጥሙንም ዜማውንም ራስዋ ትደርሳለች፤ ጊታርም ትመታለች። በ1990 ዓ.ም. «ራይቸስ ቤብ» የተባለውን የሸክላ ኩባንያዋን አቋቋመች፤ ኋላም ትልልቅ ኩባንያዎች ቢጠሯት እሺ አላለችም። እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ አዲስ አልበም አወጣች።

በ2007 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ዝግ አለ፤ ከ2008ቱ አልበም ቀጥሎ ያለው የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች፤ በ2014ም ሌላ አልበም አወጣች።

ታዲያ እናትነት ሙያዋን ነጠቃት እንበልን? እኛስ አንልም። ኩባንያው የራስዋ ስለ ሆነ ቶሎ አድርሺ ብሎ የሚያጣድፋት ጌታ አልነበረባትም። ለሰው ተቀጥራ የምትሠራ እናት ግን ይህን ጊዜ ከየት ታገኛለች? እህቶቻችን ሙያ ሲመርጡ፣ ወንድሞቻችንም ትዳር ሲይዙ ይህን እንዲያስቡበት እንመኛለን።