ውል የታሰረባት መንደር

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ውጫሌን ሰንጥቆ ያልፋል። መንገደኛው ሻይ ቡና ብሎ ወደ ውርጌሳና መርሳ ይቀጥላል። ከከተማዋ ትንሽ ራቅ ብላ ወዳለችው የገጠር መንደር፣ ወደ ይስማ ንጉሥ፣ ጎራ የሚል ግን ጥቂት ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። ዓለም ውሉን በውጫሌ ስም አወቀው፤ ይስማ ንጉሥን የሚያነሳት ግን ብዙም የለም።

ይስማ ንጉሥ የምትገኝበት አምባሰል የአምባ አገር ነው። ግሸን ማርያም ያለችበት፣ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጋዙበት ተራራም የዚሁ አገር ነው። ገዥዎቹ «ጃንጥራር» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ከአምባዎቹ ግርጌ ጤፍና ማሽላ የሚዘራበት መሬት አለ። ከሸዋ ወደ ትግራይ የሚዘልቅ ሠራዊት በዚህ በኩል ያልፍ ነበር፤ ስለዚህም ይህ አካባቢ የነገሥታት ጉዞ ሳይረግጠው አልቀረም።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዙፋኑ ይገባኛል አሉ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጽ ያለውን ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 ያመጣውን ጣጣና የአድዋን ድል ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ብዙ የማይነሳው አንቀጽ 3 ነው። ወሰን የሚያስቀምጠው ይህ አንቀጽ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አሥመራን በኢጣሊያ ወሰን ውስጥ የሚሆኑ መንደሮች አድርጎ በስም ይጠራቸዋል፤ ዓዲ ነፋስና ዓዲ ዮሐንስም ተጠቅሰዋል። የእነዚያ መንደሮች ገበሬ የእርሻው ዕጣ አምባሰል ላይ ሲወሰን ማንም አልጠየቀውም። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ የኢጣሊያ ጦር አሥመራ ገባ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ቅኝ ግዛቱ ኤርትራ ተባለ።

የአምባሰልም ገበሬ በዚያው ሰሞን የራሱ መከራ እየመጣበት ነበር። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት ደጋውን ቆላውን አዳረሰ። በሬ አልቆ እርሻ ጾሙን አደረ፤ አንበጣና ድርቅ ታከለበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረሃብ ይኸው ነው። ለውሉ የመጣ የንጉሥ ሰፈር ደግሞ በባዶ እጅ አይስተናገድም፤ እህሉም፣ ሙክቱም፣ ማሩም ከባላገር ጎተራና ጓዳ ነው የሚወጣው። በውሉ ዙሪያ የተጻፉት መጻሕፍት ይህን ባላገር ዞር ብለው አያዩትም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ዛሬ ይስማ ንጉሥ ላይ ሙዚየም ተሠርቷል። የአምባሰል አረጋውያን ከአያቶቻቸው የሰሙት ሁሉ፣ የንጉሡ ሰፈር ያረፈበት ቦታ፣ ለሰፈሩ የተዋጣው ድርጎ ዓይነት፣ ከብቱ ያለቀበት ዓመት፣ በየቀበሌው እየተቀረጸ ቢቀመጥ፣ ሙዚየሙ የአንቶኔሊንና የምኒልክን ያህል የመንደሯንም ሰዎች ማስተዋወቅ ይችላል። የደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ልኮ ሥራውን ቢጀምርልን ምንኛ ደስ ባለኝ።