የሰው መልክና የፎቶግራፍ አነሣሥ ስልቶች

የሰውን መልክ ከመረሳት ለማትረፍ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። በኢትዮጵያም ደራስያን በመልክእ ድርሰት የቅዱሳኑን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየቆጠሩ አመስግነዋል፤ ሠዓሊዎችም በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቃኑን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹን ግን አንድ ዓይን ብቻ እንዲታያቸው በጎን ሥለዋል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ወደ አገሩ በገባ ጊዜ፣ መልክ እንዴት ሊታይ እንደሚገባው የሚወስን ሥርዓት አስቀድሞ ነበረ።

የፈረንሳዊው የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በነሐሴ ወር 1831 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ተገለጸ። በዚያ ዘመን መልኩን ለማስነሣት የሚሻ ሰው ራሱ እንዳይነቃነቅ ከኋላው በብረት ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። የጥንት ባለፎቶግራፎች ኮስታራ መስለው የሚታዩት በከፊል ከዚህ የተነሣ እንጂ ጠባያቸው ሁሉ እንዲያ ሆኖ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. ዲስዴሪ የሚባለው ሰው አነስተኛ የካርድ ፎቶግራፍ ባወጣ ጊዜ ዋጋው ረከሰ፤ የመኳንንቱ የነበረው ክብርም ወደ ነጋዴውና ወደ ጸሐፊው ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ የአነሣሡ ስልት ብዙ ሆኗል። ነገር ግን ስልቶቹን ከሁሉ ይልቅ የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መልኩ እንዴት እንዲታይ የወሰነው ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ የልዑል ዓለማየሁ ነገር ታላቅ ምስክር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቆ አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ፣ እናቱም በጉዞ ላይ ስለሞቱ፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። የዚህች ሴት ስልት ፊትን አቅርቦ፣ ዙሪያውን አጨልሞ፣ የመልኩን ጠርዝ አለስልሶ ማንሣት ነበር። ብላቴናው የአገሩን ልብስ ለብሶ ተነሣ፤ ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲም የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ ከእርሱ ጋር ታየ። ሥራው በጥበቡ የተደነቀ ነው፤ ሕፃኑ ግን ቦታውንም ሆነ አቀማመጡን አልመረጠም። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ፤ መልኩም እንግዳ ዓይን እንዳየው ሆኖ ቀረ።

የቤተ መንግሥቱ ስልት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሥራውንም ልጆቹ ወረሱት። በዚህ ስልት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ደርበው፣ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ዓላማው የሰውዬውን የዕለት ስሜት ማሳየት ሳይሆን የማዕረጉን ጽናት ማሳየት ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር።

በሁለቱ መካከል የፎቶ ቤቱ ስልት አለ። እዚህ ውሳኔው የአንሺውና የተነሺው ስምምነት ነው። ሥዕል በተሣለበት መጋረጃ ፊት ተማሪው መጽሐፍ ይዞ ይቆማል፤ ሙሽሮችም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍም እንዲሁ ነበር። በሞምባሳ የፓሬክ ፎቶ ቤት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብርሃንና ጥላን እንደ ሲኒማ እያዋደደ ደንበኞቹን ያነሣ ነበር፤ በላሙ ደግሞ ባኮር የሰውን መልክ ቆርጦ በአበባ ውስጥ ይተክል ነበር። ሰው በዚያ ስፍራ ያለውን ብቻ ሳይሆን የተመኘውንም ሆኖ ይታያል።

የመጨረሻው ስልት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በ1870ዎቹ በርቲዮን የሚባለው የፓሪስ ፖሊስ ሹም ወንጀለኞችን ፊት ለፊትና በጎን በአንድ መለኪያ ማስነሣት ጀመረ። የመታወቂያ ወረቀት ጉርድ ፎቶግራፍም የዚሁ ሥርዓት ዘመድ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን በናይሮቢና በሌላው የኬንያ ክፍል ከ1912 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አፍሪካውያን ወንዶች ኪፓንዴ የሚባለውን ወረቀት በብረት ቤት ከትተው በአንገታቸው እንዲያንጠለጥሉ ተገደዱ፤ በላዩም የጣታቸው አሻራ ነበረበት። መዝገብ ሰውን ለማገልገል ሳይሆን ለመቆጣጠር ሲውል እስከዚህ ይደርሳል።

ትምህርት ቤት ከእነዚህ ስልቶች ሁሉ ይካፈላል። ጉርድ ፎቶግራፍ በተማሪው መዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ የክፍሉ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በአንድነት ይነሣሉ፤ ምሩቃንም ካባቸውን ደርበው ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በብዙዎቹ ላይ መልክ እንጂ ስም አይገኝም። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይባላል፤ መልከ መልካሙንም ቢሆን ከመረሳት የሚደግፈው ስሙ ነው። በፎቶግራፉ ጀርባ ስም፣ ክፍልና ዓመተ ምሕረት መጻፍ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የማይጻፍ ከሆነ ግን አንድ ትውልድ በገዛ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።