ጠለፈ፦ ከጥበብ ቀሚስ እስከ ኢንሱሊን ፓምፕ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የስኳር ክትትል ያላቸው ሰዎች የሚግባቡበት የራሳቸው አማርኛ አለ፦ ስኳሬ ወጣ፣ ስኳሬ ወረደ፣ ተለክቼ መጣሁ። ስኳር የሚለው ቃል ከሩቅ የመጣ ነው። በሳንስክሪት «ሻርካራ» ጠጠር፣ አሸዋ ማለት ነበር፤ በፋርስ በኩል አልፎ በዐረብኛ «ሱከር» ሆነ። ኢንሱሊን የሚለው ስምም የተገኘው ደሴት ከሚለው የላቲን ቃል፣ ከ«ኢንሱላ» ነው፤ ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 በቆሽት ውስጥ ተበታትነው ያያቸው የሕዋስ ስብስቦች ኋላ ደሴት ተባሉና። ቆሽት ግን የራሳችን ነው። አማርኛ ንዴትን እዚያ ስላኖረው፣ በጣም የተቆጣ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል።

ልከተለው የምፈልገው ግን ጠለፈ የሚለውን ግስ ነው። ጋዜጦቻችን የእንግሊዝኛውን «ሃክ» መጥለፍ ይሉታል። እንግሊዝኛው ጥንት መከትከት ማለት ነበር፤ ከማሽን ጋር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ፣ በሞዴል ባቡር ክበብ ተማሪዎች ዘንድ ነው። በእኛው ጠለፈ ውስጥ ግን መቁረጥ የለም። ጥልፍ የምትሠራ ሴት መርፌዋን ከሸማው ሥር ሰድዳ በላይ ታወጣዋለች፣ ክሩን በክሩ ላይ ታዞረዋለች፣ ትስበዋለች። ሸማው ሳይቀደድ፣ ያልነበረበት መስቀል ደረቱ ላይ ይወጣል። ትግል የገጠመ ጎረምሳም ባላንጣውን በእግሩ ጠልፎ ይጥላል። ገበሬው ወንዝ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ከዚያ መራራው ወገን አለ፦ ልጃገረድ ጠለፋ፣ አውሮፕላን ጠለፋ፣ ስልክ ጠለፋ።

ሁሉም በራሱ መንገድ የሚሄድን ነገር ይዞ ማዞር ነው። ልዩነቱ ነገሩ የማን እንደሆነና ፈቃዱ መኖሩ ላይ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «ሕገወጥ ጠለፋ» ሲል ቅጽሉን ያለ ምክንያት አልጨመረም፤ ሕጋዊ ጠለፋም ሊኖር ይችላልና።

ይህ ሁለት ፊት በስኳር መሣሪያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ራሱ የስኳር ሕመምተኛ የሆነው ጄይ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ላስ ቬጋስ ላይ የገዛ ራሱን የኢንሱሊን ፓምፕ ከርቀት ማዘዝ እንደሚቻል አሳየ። ብዙዎች ደነገጡ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነበር፣ የበዛ ኢንሱሊን ይገድላልና። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን መሐንዲሱ ጆን ኮስቲክ የልጁን የስኳር ንባብ ከመሣሪያው ጠልፎ ከርቀት እንዲከታተለው አደረገ። የስኳር ሕመምተኛዋ ዳና ሉዊስም የመለኪያዋ ደወል ከእንቅልፍ የማይቀሰቅሳት ሆኖባት ስለነበር፣ ከስኮት ሊብራንድ ጋር በዚያው መንገድ ገፋችበት። በሠሩት ሥርዓት ቆዳ ሥር የተተከለው ሴንሰር በየአምስት ደቂቃው ይለካል፣ ትንሽ ኮምፒዩተር ያሰላል፣ ፓምፑ ኢንሱሊኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። «ኦፕን ኤፒኤስ» ብለው እ.ኤ.አ. በ2015 ለሁሉም በነፃ ለቀቁት። ያረረውን ቆሽት ሥራ ከውጭ ሆኖ የሚሠራ ነገር ነው።

እኔን የሚገርመኝ፣ ለዚህ ያገለገሉት አሮጌዎቹ የሜድትሮኒክ ኩባንያ ፓምፖች መሆናቸው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ለጥቃት ተጋላጭ ናቸው ብሎ አስጠነቀቀባቸው። ሌባ ሊገባበት የሚችለው ቀዳዳና ባለቤቱ ሕይወቱን ያቀለለበት ቀዳዳ አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያው ባለሥልጣን ከሕመምተኞቹ ሥራ ለተወለደው «ታይድፑል ሉፕ» መተግበሪያ ፈቃድ ሰጠ። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ጠላፊ ስንል፣ ወንዝ ጠልፎ የራሱን ማሳ የሚያጠጣውን ገበሬ እያሰብን ብንል እወዳለሁ።

እዚህ ልደታ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ብልቃጥ፣ መርፌና የጣት መለኪያ ነው፤ ፍሪጅ በሌለበት ገጠር ደግሞ ኢንሱሊኑ በእርጥብ ሸክላ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ለእኛ መጀመሪያ መጠለፍ ያለበት የመለኪያው ቋንቋ ይመስለኛል። ብዙዎቹ መለኪያዎች ስኳሩ ከ600 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ቁጥር መስጠት ትተው በላቲን ፊደል «ሃይ» ብለው ይጽፋሉ፤ ከልክ በታች ሲሆን «ሎ» ይላሉ። ፊደሉን የማያነቡ እናት፣ ሌሊት ብቻቸውን ሳሉ ይህ ቢወጣባቸው ስኳር ይቅመሱ ወይስ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ? «ወጥቷል»፣ «ወርዷል» ብሎ መጻፍ ለአምራቹ ጥቂት መስመር ኮድ ነው።